የ1046ቱን ኮከብ ፍለጋ፦ የሁለት ወር የሥራ ማስታወሻ

ሕዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ዛሬ ከፊዚክስ ክበብ ተማሪዎቼ ጋር ተስማማን። ከገና በኋላ ለትምህርት ቤቱ የምናሳየው «ትልልቅ ኮከቦች እንዴት ይሞታሉ» የሚለውን ይሆናል። ሥራው ሁለት ነው። አንደኛው ፍንዳታውን በእጅ በሚዳሰስ ነገር ሠርቶ ማሳየት። ሁለተኛው የፈነዳ ኮከብ ቅሪት በገዛ ዓይናችን ማየት። ቪዲዮ መክፈት ይቀል ነበር። ግን ልጆቹ ቪዲዮውን ስልካቸው ላይ ከእኔ በላይ አይተውታል። ያላዩት እውነተኛውን ነው።

ለማየት የመረጥኩት ክራብ ኔቡላን ነው፤ ከፈነዳ ኮከብ የቀረ የጋዝ ደመና። ስሙ ሸርጣን ማለት ቢሆንም፣ በኮከብ ቆጠራ ሸርጣን የምንለው ምድብ ውስጥ አይደለም። ያለው ሠውር (በሬው) በሚባለው የከዋክብት ምድብ ውስጥ ነው፣ ከበሬው ቀንድ ጫፍ አጠገብ። የቻይና ኮከብ ተመልካቾች እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 1054 እዚያ ቦታ ላይ ድንገት የበራ ኮከብ አዩ። «እንግዳ ኮከብ» ብለው መዘገቡት። 23 ቀን በጠራራ ፀሐይ ታየ። ሌሊት ሌሊት ደግሞ 653 ቀን ያህል ቆይቶ ነው የጠፋው።

ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር መለስኩት። ሐምሌ 10 ቀን 1046 ዓ.ም. ሆነ። ሐምሌ! ለደጋ ሰው ሰማይ ለማየት ከዚህ የባሰ ወር የለም። ያ ሁሉ የቀን ብርሃን ክረምቱ መሐል ወደቀ። መስከረም ጠብቶ ሰማዩ ሲገለጥ ግን ኮከቡ ገና ነበር። ያኔ ሌሊት ከብት ሲጠብቅ ቀና ያለ ሰው አይቶታል ብዬ አምናለሁ።

መሣሪያው አለኝ። እህቴ ከሜሪላንድ ስትመጣ በሻንጣዋ ያመጣችልኝ 130 ሚሊሜትር መስታወት ያለው ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ በእጅ ይዞራል፣ ሞተር የለውም።

ሕዳር 8

ከሽንኩርት ጀመርን። አንድ ትልቅ ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ሰንጥቀን በየንብርብሩ ላይ ባንዲራ የምታህል ወረቀት ሰካን። ከውጭ ሃይድሮጅን፣ ቀጥሎ ሂሊየም፣ ካርቦን፣ ኒዮን፣ ኦክስጅን፣ ሲሊከን። መሐሉ ላይ ብረት። ሊሞት የደረሰ ትልቅ ኮከብ ውስጡ እንዲህ ነው። የአንዱ ንብርብር አመድ ለሚቀጥለው ማገዶ ይሆናል።

ልጆቹን ያስደነገጣቸው ጊዜው ነው። ከፀሐይ 25 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ሃይድሮጅኑን ለማቃጠል 7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ሂሊየሙን ከግማሽ ሚሊዮን ዓመት በላይ። ካርቦኑን 600 ዓመት። ኒዮኑን አንድ ዓመት። ኦክስጅኑን ስድስት ወር። ሲሊከኑን አንድ ቀን! ሕይወቱን በሙሉ ወደ 24 ሰዓት ብናጨምቀው የሲሊከኑ ቀን የአንድ ሰከንድ ሠላሳ ሺህኛ ነው የሚሆነው። አንዷ ተማሪ ስሌቱን ሦስቴ ደገመችው። ትክክል ነበረች።

ለምን ይፈጥናል? ውስጡ በጣም ሲግል ኒውትሪኖ የሚባሉ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነሱ ማንንም ሳይነኩ ሹልክ ብለው ይወጣሉ፤ ሙቀቱንም ይዘውት ይሄዳሉ። ኮከቡ ራሱን ደግፎ ለመቆም የጠፋውን መተካት አለበት። ስለዚህ ማገዶውን ይጨርሳል።

ከዚያ ብረት ላይ ሲደርስ ቀጥ። የብረት አቶም አስኳል እጅግ ጠንክሮ የታሰረ ስለሆነ ከሌላ ጋር ቢጣመር ጉልበት አይሰጥም፤ እንዲያውም ይቀበላል። መሐሉ ላይ የማይነድ ኳስ እየከበደ ይሄዳል። ወሰኑ ከፀሐይ 1.4 እጥፍ አካባቢ ነው። የዚህን ወሰን መሠረት ያሰላው ሱብራማንያን ቻንድራሴካር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1930 ከህንድ ወደ እንግሊዝ በመርከብ ሲጓዝ፣ በ19 ዓመቱ። ይህን ሲሰሙ የ12ኛ ክፍል ልጆቼ ዝም አሉ። እነሱም እዚያው ዕድሜ ላይ ናቸው።

ሕዳር 12

ጨረቃ የለችም። ሰማዩም ደመና የለበትም። እና ምንም አላየሁም። ሕዳር ሲታጠን ነዋ! ሰፈሩ በሙሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ አቃጠለ። ከ1911ዱ የሕዳር በሽታ ጀምሮ የመጣ ልማድ ነው፤ ቀኑን መርሳት አልነበረብኝም። ከኮንዶሚኒየማችን ጣሪያ ላይ በጭሱ ውስጥ የለየኋቸው ጁፒተርንና የበሬውን ቀይ ዓይን፣ አልደባራንን ብቻ ነው።

ጊዜውን መስታወቶቹን ለማስተካከል ተጠቀምኩበት። ሁለቱ መስታወቶች በሻንጣው ጉዞ ተዛንፈው ነበር። ኮከቦቹ ጅራት ያወጡት ለካ በዚህ ነው። አንድ ሰዓት ፈጀ። አሁን ኮከቡ ነጥብ ሆኖ ይታያል።

ጭስ ባይኖርም ግን ከዚህ ጣሪያ ክራብ አይታይም። የመንገድ መብራቱ ብቻ ይበቃዋል። ከተማውን መውጣት አለብኝ።

ሕዳር 20

የኳሱ ሙከራ። የቅርጫት ኳስ ላይ የቴኒስ ኳስ አስቀምጠን ሁለቱንም አንድ ላይ ከአንድ ሜትር ከፍታ ለቀቅናቸው። የቴኒስ ኳሱ ለብቻው ሲጣል ግማሽ ሜትር ያህል ነው የሚነጥረው። አሁን ግን ተወርውሮ ኮርኒሱን መታ። ክፍሉ በጩኸት ተናጋ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ትልቁ ኳስ መጀመሪያ መሬት ይነካና ወደ ላይ ይመለሳል። ትንሹ ገና ወደ ታች እየመጣ ነው። ሲጋጩ ትልቁ ፍጥነቱን ለትንሹ ያወርሰዋል። ምንም ጉልበት ባይባክን ኖሮ ትንሹ ፍጥነቱ ሦስት እጥፍ፣ ከፍታው ዘጠኝ እጥፍ ይሆን ነበር። እኛ ያገኘነው ሦስት እጥፍ ከፍታ ነው።

ኮከቡም እንዲህ ይጀምራል። ምድርን የሚያህለው የብረት ኳስ ከሰከንድ ባነሰ ጊዜ ወደ ውስጥ ይወድቃል። ፍጥነቱ በሰከንድ 70,000 ኪሎሜትር ይደርሳል። ኤሌክትሮኖቹ ከፕሮቶኖቹ ጋር ተጨምቀው ኒውትሮን ይሆናሉ። ከዚያ በላይ መጨመቅ ሲያቅተው ይነጥራል። የቅርጫት ኳሱ እሱ ነው።

ሁሉም ሙከራውን ወደዱት። እኔ ግን ማታ ስተኛ አልተመቸኝም።

ሕዳር 27

ያልተመቸኝን ነገር ዛሬ ለልጆቹ ነገርኳቸው። የኳሱ ሙከራ ግማሽ እውነት ነው። መንጠሩ እውነት ነው። ግን መንጠር ብቻውን ኮከብ አያፈነዳም።

ሳይንቲስቶቹ ይህንን በኮምፒውተር ሲያሰሉ ለአሥርተ ዓመታት ሲቸግራቸው ኖሯል። የነጠረው ሞገድ ወደ ውጭ ሲሮጥ ከላይ የሚወርደው ብረት ይገጥመዋል። ያንን ብረት እየሰባበረ ለማለፍ ጉልበቱን ይከፍላል። 150 ኪሎሜትር አካባቢ ሲደርስ ደክሞ ይቆማል። ኮከቡ ሚሊዮን ዓመታት የደከመበት ብረት ፍንዳታውን ይበላዋል ማለት ነው።

ይህንን ለማሳየት በሁለቱ ኳሶች መሐል በአራት የታጠፈ ፎጣ አስገባን። ለቀቅናቸው። የቴኒስ ኳሱ ብድግ እንኳ በቅጡ አላለም። ፎጣው ላይ ተኛ። አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ታዲያ ምን ያፈነዳዋል?» አለ።

መልሱን አውቀዋለሁ፤ ኒውትሪኖዎቹ ናቸው። ሃንስ ቤተ እና ጄምስ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1985 በጻፉት መሠረት፣ ከተጨመቀው እምብርት የሚወጡት ኒውትሪኖዎች ከቆመው ሞገድ ሥር ያለውን ጋዝ ያሞቁታል። ሙቀቱ ሞገዱን እንደገና ይገፋዋል። ከሚወጡት ውስጥ ጥቂቱ ብቻ ነው ጋዙን የሚነካው፤ የተቀረው ያልፋል። ጥቂቱ ግን ይበቃል። የፍንዳታው ጉልበት 99 በመቶው በኒውትሪኖ ነው የሚወጣው። እኛ የምናየው ብርሃን ፍርፋሪ ነው።

በቃል ማስረዳት ይቻላል። በእጅ ግን እንዴት ይሠራል? ዛሬ አልመጣልኝም።

ታኅሣሥ 10፣ ዓርብ፣ ሱሉልታ

አክስቴ ቤት ነኝ። ቦታው የተመረጠው በምክንያት ነው። የአዲስ አበባ ብርሃን በእንጦጦ ተከልሎ በደቡብ በኩል ይቀራል። ክራብ ደግሞ እኩለ ሌሊት ላይ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ነው የሚያልፈው። ጨረቃ የለችም፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።

ምሽት ላይ አክስቴ ቡና አፈላች። እኔ ቴሌስኮፑ እስኪበርድ (መስታወቱ ከውጭው አየር እኩል መቀዝቀዝ አለበት) ከሰሉ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጀበናውን አያለሁ። መጀመሪያ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ውስጡ መንተክተክ ጀመረ። አረፋው አንገቱ ድረስ መጣና ቆመ። ትንሽ ቆይቶ ገነፈለ!

ብድግ አልኩ። አክስቴ ቡናው ስለፈሰሰ የተናደድኩ መስሏት «ተወው፣ ይበቃል» አለችኝ። እኔ ግን ያገኘሁትን ነበር የማስበው። የቆመው ሞገድ ያ አረፋ ነው። ከሥር የሚመጣው ሙቀት ኒውትሪኖው ነው። ጋዙ ልክ እንደዚህ እየተንተከተከ፣ የጋለው እየወጣ የቀዘቀዘው እየወረደ፣ በመጨረሻ በአንድ በኩል ያመልጣል። ፍንዳታውም እንደ ቡናው ዙሪያውን እኩል አይወጣም፤ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ስለዚህ ነው ብዙ የኒውትሮን ኮከቦች (ከፍንዳታው የሚተርፉት የተጨመቁ እምብርቶች) ተወርውረው በሰከንድ በመቶዎች ኪሎሜትር ፍጥነት ሲሮጡ የሚገኙት። ለልጆቹ ሁለቱን አንድ ላይ ነው የማሳያቸው። ኳስ፣ ቀጥሎ ጀበና።

ከሌሊቱ 5 ሰዓት ወጣሁ። ባትሪዬን በቀይ ፌስታል ሸፈንኩት፤ ነጭ ብርሃን ከጨለማ ጋር የተላመደ ዓይንን ያበላሻል። ግማሽ ሰዓት ምንም ሳላይ ቆምኩ። «አንተ ልጅ፣ ብርድ ይገልሃል» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ። ጋቢም ተከትሎ መጣ።

መንገዱ ይህ ነው። መጀመሪያ ሰባቱን ከዋክብት ታገኛላችሁ። ከነሱ ወደ ምሥራቅ ቀዩ አልደባራን አለ። ከእሱ ሁለት ቀንዶች ይወጣሉ። የደቡቡ ቀንድ ጫፍ ዜታ ታውሪ ነው። ቻይናዎቹም እንግዳውን ኮከብ የመዘገቡት በዚሁ ኮከብ አጠገብ ነው። ክራብ ከእሱ አንድ ዲግሪ ያህል ይርቃል፤ ሁለት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢቀመጡ የሚይዙትን ያህል። 26 ጊዜ በሚያጎላው አይፒስ (ዓይን የሚጠጋበት ሌንስ) ሁለቱም አንድ ላይ ይገባሉ።

መጀመሪያ የለም። ቀጥታ ስታየው ይጠፋል። ዓይኔን ትንሽ ወደ ጎን አድርጌ በዓይኔ ጠርዝ ሳየው ብቅ አለ። መስታወት ላይ እንደተነፈሱት እንፋሎት። ሞላላ፣ ግራጫ፣ ጠርዝ የሌለው። ቀለም የለም፣ ክር የለም፣ ፎቶ ላይ የምናየው ምንም ነገር የለም። ቻርለስ ሜሲየር እ.ኤ.አ. በ1758 ጅራታም ኮከብ ሲፈልግ ያሳሳተው ይኸው ነው። ጅራታም ኮከብ መሰለው። ሌላ ሰው እንዳይሳሳት ብሎ መዝገብ ጀመረ፤ የመዝገቡ ቁጥር አንድ ክራብ ሆነ።

ብርሃኑ 6,500 ዓመት ያህል ተጉዞ ነው ዓይኔ ውስጥ የገባው። ፍርስራሹ አሁንም በሰከንድ 1,500 ኪሎሜትር እየሰፋ ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ድረስ በእርሳስ ሳልኩት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ስለነበር ሥዕሉ አያምርም። ግን ያየሁትን ነው።

ታኅሣሥ 18

ቀጣዩ ቅሪቱ ነው። ክራብ መሐል ከፀሐይ የሚከብድ፣ ስፋቱ ግን 20 ኪሎሜትር ብቻ የሆነ ኳስ አለ። አዲስ አበባ ላይ ከዓለም ባንክ ሰፈር እስከ አያት ማለት ነው። ከእሱ አንድ የሻይ ማንኪያ ብትጨልፉ ከቢሊዮን ቶን በላይ ይመዝናል። ዋልተር ባዴ እና ፍሪትዝ ዝዊኪ እንዲህ ያለ ኮከብ ከሱፐርኖቫ (ከኮከብ ፍንዳታ) ይወለዳል ያሉት እ.ኤ.አ. በ1934 ነው፤ ኒውትሮን በተገኘ በሁለተኛው ዓመት። ጆስሊን ቤል የመጀመሪያውን ፐልሳር (እየዞረ ብልጭ ብልጭ የሚል የኒውትሮን ኮከብ) በ1967 አገኘች። የክራቡ በ1968 ተገኘ። በሰከንድ 30 ጊዜ ይዞራል።

30 ጊዜ በሰከንድ በደቂቃ 1,800 ዙር ነው። የመሰርሰሪያ ፍጥነት! ከሰፈር ብየዳ ቤት አንድ ተዋስኩ። ክብ ካርቶን ቆርጠን ሁለት ትንንሽ ኤልኢዲ አምፖሎች በተቃራኒ ጎኖቹ ላይ ከሰዓት ባትሪ ጋር ለጠፍን። ሁለት የሆኑት የክራብ ፐልሳር በአንድ ዙር ሁለቴ ብልጭ ስለሚል ነው። መጀመሪያ ስናስነሳው አንዱ አምፖል ተፈናጥሮ ግድግዳ መታ። ከዚያ በኋላ በፕላስተር ደጋግመን ጠቀለልነው፤ ሁላችንም ከጎኑ ሳይሆን ከኋላው ቆምን። ይህንን የምትሞክሩ ከሆነ መነጽር አድርጉ።

መብራቱን አጥፍተን ሲዞር የሚታየው የብርሃን ቀለበት ነው። ዓይን አይለየውም። በስልኩ የዝግታ ቀረጻ፣ በሰከንድ 240 ምስል፣ ሲታይ ግን እያንዳንዱ ዙር በ8 ምስል ተከፋፍሎ ይወጣል። ፍጥነቱንም ያስተካከልነው በዚሁ ነው። ምስል እየቆጠርን፣ 8 እስኪሆን ድረስ።

ለምን ይህን ያህል ይፈጥናል የሚለውን በሚሽከረከር ወንበር አሳየን። አንድ ልጅ በየእጁ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዞ እጁን ዘርግቶ አዞርነው። እጁን ሲሰበስብ ፈጠነ። ምድርን የሚያህል ነገር 20 ኪሎሜትር ሲሆን ምን እንደሚፈጠር ከዚያ በኋላ ማስረዳት አያስፈልግም።

የምወደው ዝርዝር ይህ ነው። ፐልሳሩ እየዘገየ ነው። የአንዱ ዙር ጊዜ በየቀኑ በሰከንድ 36 ቢሊዮንኛ ያህል ይረዝማል። ያ የሚያጣው ጉልበት ከፀሐይ 100,000 እጥፍ ገደማ ነው፤ ሱሉልታ ላይ ያየሁትን ጭጋግ እስካሁን የሚያበራውም እሱ ነው። ያየሁት የፍንዳታው ፍም አልነበረም። የሚዞረው ኳስ ነው የሚያቀጣጥለው።

እምብርቱ ከዚህ በጣም ቢከብድ ኖሮ ኒውትሮንም አይሸከመውም ነበር። ወደ ጥቁር ጉድጓድ ይገባ ነበር። ለዚያ የሠራነው ነገር የለም። ጥቁር ጨርቅ ዘርግቶ ኳስ መጣል በየቦታው አለ፤ እኛ ተውነው።

ታኅሣሥ 24

ንጥረ ነገሮቹን በሁለት ሰፌድ ደረደርን። አንዱ ሰፌድ የሚፈነዱ ትልልቅ ኮከቦች፣ ሌላው የቀሩት። ኦክስጅን ሽምብራ፣ ማግኒዚየም ምስር፣ ሲሊከን ባቄላ፤ እነዚህ በብዛት የመጀመሪያው ሰፌድ ላይ ናቸው። ካልሲየሙን ለሁለቱም አካፈልነው። ብረቱን በጤፍ ወከልነው። ጤፍ በብረት ይታወቃል፣ ልጆቹም ገባቸው። የብረቱንም ከግማሽ በላይ ወደ ሁለተኛው ሰፌድ አዞርነው፤ የሚፈነዱ ነጭ ድንክ ኮከቦች (እንደ ፀሐይ ያሉ ኮከቦች ሲሞቱ የሚተዉት ቅሪት) ብዙ ብረት ስለሚሠሩ። አዋቂ ሰው ሰውነቱ ውስጥ ያለው ብረት 4 ግራም ያህል ነው። ያቺን በቁንጥር ለይተን አስቀመጥናት።

እዚህ ላይ ስህተት ነበረብኝ። ፖስተሩ ላይ «ወርቅ፦ ከሱፐርኖቫ» ብዬ ጽፌ ነበር። ድሮ የተማርኩት እንደዚያ ነው። አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ በ2017 የተጋጩት የኒውትሮን ኮከቦችስ?» አለችኝ። ልክ ናት። እ.ኤ.አ. ኦገስት 17 ቀን 2017 ሁለት የኒውትሮን ኮከቦች ሲዋሃዱ የስበት ሞገዱም ብርሃኑም ተያዘ፤ 130 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቆ። ከባድ ንጥረ ነገሮች ሲሠሩ በብርሃኑ ታየ፤ ስትሮንሺየምም ተለየ። ተራ ሱፐርኖቫ ወርቅ ለመሥራት የሚበቃ የኒውትሮን ጎርፍ ማግኘት ይከብደዋል። አንዳንድ ያልተለመዱ ፍንዳታዎች ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም። ፖስተሩን ቀደድኩት። ልጅቷ በራሷ እጅ አዲስ ጻፈች፦ «ወርቅ፣ ከአዶላም ይውጣ ከሻኪሶ፣ አንዱ ትልቅ ምንጩ የኒውትሮን ኮከቦች ግጭት ነው። እነሱን ደግሞ ሱፐርኖቫ ወለዳቸው።»

ከሰዓት በኋላ የሳንቲሙ ጨዋታ። ፍንዳታው ብረትን በቀጥታ አይሠራም። መጀመሪያ የሚወጣው ኒኬል-56 ነው። እሱ በ6 ቀን ግማሹ ኮባልት ይሆናል። ኮባልቱ በ77 ቀን ግማሹ ብረት ይሆናል። መቶ የአንድ ብር ሳንቲሞች በትነን አንበሳ ያሳዩትን አነሳን። እያንዳንዱ ውርወራ 77 ቀን ነው። የቀሩት 53፣ 24፣ 13፣ 6፣ 2 ሆኑ። ግራፉን ስንስል ሱፐርኖቫ 1987ኤ የደበዘዘበትን መስመር ይመስላል። ያ ኮከብ በየካቲት 1979 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1987) ነው የታየው። 0.07 ፀሐይ የሚያህል ኒኬል ወጣው፤ 23,000 ምድር የሚመዝን። ብርሃኑ ከመድረሱ ሦስት ሰዓት ያህል ቀድሞ ጃፓን 11፣ አሜሪካ 8፣ ሶቪየት ኅብረት ባክሳን ላይ 5 ኒውትሪኖ ተያዘ። የጀበናው ማስረጃ እነዚያ 24 ቅንጣቶች ናቸው። ቁጥሩን በትልቁ ጽፈን ከጀበናው በላይ ሰቀልነው።

ጥር 2

ዝግጅቱ አለፈ። ኳሱ እንደተጠበቀው ሳቅና ጭብጨባ አገኘ። ፎጣው ሲገባ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ። ያቺን ጸጥታ ነበር የፈለግኋት። ከዚያ ጀበናው። ከሰል ክፍል ውስጥ ስለማይፈቀድ በኤሌክትሪክ ምድጃ ሠራነው፤ ዘገየ፣ ግን ገነፈለ። መሰርሰሪያው አንድ ጊዜ ቆመና ሶኬቱን ቀየርን። ሌላው ሁሉ በሰዓቱ ሄደ።

ጥር 9፣ ቅዳሜ፣ ሱሉልታ

ሰባት ተማሪዎች ከወላጆቻቸው ጋር መጡ። ነገ ከተራ ነው፤ ያም ሆኖ መጡ። አሁን ክራብ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አናት ስለሚደርስ ማንም እስከ ሌሊት መቆየት አላስፈለገውም። ስድስቱ ተራ በተራ አዩት። ሰባተኛው ሦስት ጊዜ ሞክሮ አላየውም አለ። አላስገደድኩትም።

አክስቴ በመጨረሻ መጣች። «በጎን እይ» አልኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። «ጭስ ናት» አለች። አዎ አልኳት። «እስካሁን አልበረደችም?» አለች። ስለሚዞረው ኳስ ነገርኳት። እንደገና አጎንብሳ አየች። ሰባተኛው ልጅ ከኋላዋ ወረፋ ያዘ።